ደባሉ መቼ ለቀቀ? ፖሊስ ለመሆን የሚያመለክት ሰውና ያለፈ የዕፅ ታሪኩ

አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ የፎቶኮፒ ቤት አለች። አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት በርጩማ። ባለቤቷ ወዳጄ ስለሆነች የጠዋት ቡናዬን እዚያ ነው የምጠጣው። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ ይዞ ገባ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ እያንዳንዱን መስመር እያነበበ ከጎኑ ራይት አድርጓል። አንዱ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «ከደባል ሱስ ነፃ የሆነ» ይላል።

«ጋሼ፣ ይቺ ነገር እኔን ትነካኛለች?» አለኝ።

«ትቅማለህ እንዴ?»

«አሁንማ ትቻለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነን ለፈተና ስናጠና ነበር።» ወደ ባለቤቷ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሐሺሽም ሞክሬያለሁ። ሁለቴ ይሁን ሦስቴ። ካምፓስ እያለሁ።»

ባለቤቷ ሰምታለች። ያልሰማች መስላ ወረቀቷን መቁጠር ቀጠለች።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ አራት አምስት ነው። ለእሱ የነገርኩትንና በችኮላ ሳልነግረው የቀረሁትን እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

ከቃሉ ልጀምር። ደባል ማለት ቤት ተጋሪ ነው። ኪራይ ሲወደድ አንዲቷን ክፍል አብሮህ የሚይዝ ሰው። ደባል ሱስም እንደዚያው ነው። አብሮህ ያድራል፣ ከደመወዝህ ይካፈላል፣ ጠዋት ካንተ ቀድሞ ይነሳል። ይህን ቃል መጀመሪያ ማስታወቂያ ላይ ያሰፈረው ሰው አማርኛ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ጣጣው ቃሉ ስለ ጊዜ ምንም አለማለቱ ነው። ዛሬ ቤትህ ውስጥ ደባል አለ ወይ ነው የሚለው? ወይስ ድሮ አንድ ሌሊት እንኳ አሳድረህ ታውቃለህ ወይ ነው?

እኔ የሚገባኝ የመጀመሪያው ነው። «ነፃ የሆነ» ይላል እንጂ «ነክቶ የማያውቅ» አይልም። ሱስ ደግሞ ሀራራ ያለው ነገር ነው። በዓመት አንዴ ሰርግ ቤት ሁለት ቅጠል የቀነጠበ ሰው ሱሰኛ አይባልም። ከምሳ በኋላ ካልቃመ ሥራ የማይገባለት፣ ሲመረቅን ተራራ የሚንድ፣ ማታ ጨብሲ ካላለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ግን ደባሉ ከነሻንጣው ገብቷል። ማስታወቂያው ሁለቱን ሰዎች በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው። ቢዘረዘር፣ ጊዜም ቢጠቀስ፣ ብዙ ልጅ ከፎቶኮፒ ቤት ተሳቅቆ አይመለስም ነበር። ይሄ የራሴ አስተያየት ነው።

ከዚያው መስመር አጠገብ ብዙ ጊዜ ሌላ መስመር ይመጣል፤ «በወንጀል ተከሶ ያልተፈረደበት»። ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ አኗኗርህ ነው፤ የሚመልሱት ሐኪም፣ ጎረቤትና አንተው ናችሁ። ሁለተኛው ስለ መዝገብ ነው፤ አሻራ ሰጥተህ የሚጣራ። አንዱ ላይ ንጹሕ ሆነህ ሌላው ላይ ልትወድቅ ትችላለህ።

ሱስና ወንጀል በአገራችን ሕግ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ጫት ሱስ ሊሆን ይችላል፣ ወንጀል ግን አይደለም። የአወዳይ፣ የወንዶ፣ የባሕር ዳር እየተባለ በየሰፈሩ ይሸጣል፣ ወደ ውጭም ይላካል። ሺሻ ላይ ሕጉ ይጠብቃል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከልክሎታል። ሲጋራ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ያለውም ይኸው አዋጅ ነው። ሐሺሽ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ሥር ይወድቃል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርትን፣ የሚያዘዋውርንና የሚሸጥን ሰው ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀምም በሕጉ ወንጀል ነው።

እንግዲህ የልጁን ነገር በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ጫቱ ወንጀል የሌለበት ሱስ ነበር። ሐሺሹ ሱስ የሌለበት ወንጀል ነበር። ማስታወቂያው «ሱስ» ብሎ ሲጠይቀው እሱ የፈራው ሐሺሹን ነው። በቃሉ ከሄድን ግን የበለጠ የሚመለከተው ጫቱ ነው። እሱም ለቋል።

ሐሺሹን አስመልክቶ አንድ ነገር አስጠንቅቄዋለሁ። ያልተጠየቀ የወንጀል ታሪክን በጽሑፍ አስፍሮ መስጠት የዋህነት ነው። ከተጠየቁ መዋሸትም ሌላ ጥፋት ነው። ቅጹ በቀጥታ «አደንዛዥ ዕፅ ተጠቅመህ ታውቃለህ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ከመሙላቱ በፊት አንድ ጠበቃ ጋ ቁጭ ብሎ ማውራት ይሻላል። ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰውም ቢሆን ተስፋው አልተዘጋም። ጊዜው ሲሞላና ፀባዩ ሲመሰከርለት ፍርድ ቤት ስሙን የሚያድስበት መንገድ በወንጀል ሕጉ ውስጥ አለ። ይህም የጠበቃ ሥራ ነው፣ የፎቶኮፒ ቤት ወሬ አይበቃውም።

ለምንድን ነው ፖሊስ ላይ እንዲህ የሚጠብቀው? ሾፌሩም፣ ሐኪሙም፣ መምህሩም ሱስ ቢኖርበት ጉዳት አለው። ግን ፖሊስ መሣሪያ ታጥቆ ይወጣል። በየቀኑ በኤግዚቢት የተያዘ ዕፅ በእጁ ያልፋል፤ ሀራራ ያለበትን ሰው የዕፅ መጋዘን ጠባቂ ማድረግ ጅብን ሥጋ ማስጠበቅ ነው። ደግሞም ዕፅ የሚገዛ ሰው ሻጭ ያውቃል፤ ሻጩም ያውቀዋል። ነገ ያ ሻጭ ተይዞ ጣቢያ ሲመጣና ዩኒፎርም የለበሰውን የድሮ ደንበኛውን ሲያይ ምን እንደሚለው አስቡት። «ወንድሜ፣ እንተዋወቃለን እኮ።» ይቺ አረፍተ ነገር ብቻ ምርመራ ታበላሻለች።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የገባኝም ከአንድ ጠበቃ ወዳጄ ጋር ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቆመን ስናወራ ነው። «የፖሊስ ትልቁ መሣሪያ ሽጉጡ አይደለም፣ ቃሉ ነው» አለኝ። «እኔ መስቀለኛ ጥያቄ ስጠይቅ የማነጣጥረው ቃሉ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የዋሸ መሆኑን ካሳየሁ ያየውም ያላየውም አብሮ ይወድቃል።»

ይህን የወዳጄን ነገር አሜሪካኖች በፍርድ ቤት ውሳኔ አጥብቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ብሬዲ በሚባለው፣ በ1972 ደግሞ ጊግሊዮ በሚባለው መዝገብ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ የምስክሩን ተአማኒነት የሚያጎድፍ ነገር በእጁ ካለ ለተከሳሹ ወገን ማሳወቅ አለበት ብሏል። ምስክሩ ፖሊስ ቢሆንም ያው ነው። እናም በመዋሸት የተያዘ ፖሊስ ስሙ ቃላቸው የማይታመን ፖሊሶች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ዐቃቤ ሕጎች ምስክር አድርገው መጥራት ይፈሩታል። ሊመሰክር የማይችል ፖሊስ ደግሞ ምን ይሠራል? በር ይጠብቃል፣ ወይ ይሰናበታል። ለዚህ ነው ቀጣሪዎቹ ቅጽ ላይ የተዋሸን ውሸት ከማጨሱ በላይ የሚጠሉት።

አሜሪካን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የአክስቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ፖሊስ ሊሆን አምሮት ቅጹን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የእኛ ማስታወቂያ በአንድ ቃል ያለፈውን እነሱ ገጽ በገጽ ዘርዝረውታል። በግራ በኩል የዕፆቹ ስም በረድፍ ተደርድሯል። በቀኝ በኩል፣ መጀመሪያ የተጠቀምክበት ቀን፣ የመጨረሻው ቀን፣ ስንት ጊዜ። ከስሞቹ መሐል አንዱን አክብቦ «ወንድምዓለም፣ እየውማ» ብሎኛል። ጫት ነው። እነካናቢስና እነኮኬይን በተሰለፉበት ረድፍ፣ የኛው ጫት።

ሳቅሁ። በኋላ ሳጣራው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ነጋዴው ጫቱን እርጥብ አድርጎ በኮባ ጠቅልሎ የሚሮጠውም ለዚህ ነው። አሜሪካ ካቲኖንን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ የቁጥጥር መደብ አስቀምጣዋለች። እንግሊዝ ደግሞ ጫቱን ራሱን በሰኔ 2014 ከልክላለች። እዚህ ከምሳ በኋላ የሚቃም ቅጠል እዚያ የወንጀል ማስረጃ ነው።

የአክስቴ ልጅ የቃመው አዲስ አበባ እያለ ነው፤ ሕጋዊ በሆነበት አገር። ምን ብሎ ይጻፍ? «አልቃምኩም» ማለት ውሸት ነው። ባዶ መተውም ያው ነው። የነገርኩት ይህን ነው፦ ዓመቱን ጻፍ፣ ቦታውን ጻፍ፣ በአገሩ ሕግ የተፈቀደ እንደነበር በአንድ መስመር ጨምር። ከዚያ በኋላ ያለው የመርማሪው ሥራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስና የሕግ አስከባሪ ተቋማት አሉ፤ ደንባቸው አንድ አይደለም። አንዱ ጋ የወደቀ ሌላው ጋ ያልፋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የኤፍቢአይን፣ የፌደራሉን የምርመራ ቢሮ ደንብ ነው፣ ታሪኩም ደስ ይላል። እስከ 2007 ድረስ ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። ማሪዋና ከ15 ጊዜ በላይ ያጨሰ አይገባም። 15 ጊዜ! ማን ቆጥሮ? አሥራ አራተኛዋና አሥራ ስድስተኛዋ ላይ ማን ደብተር ይዟል? በ2007 ቁጥሩን ትተው በዓመት ተኩት፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያጨሰ አይቀጠርም ተባለ። በ2014 የያኔው ዳይሬክተር ጀምስ ኮሚ የኮምፒውተር ወንጀልን የሚከላከል ጎበዝ ወጣት ቢፈልጉም ከወጣቶቹ አንዳንዱ ወደ ኢንተርቪው ሲመጣም ማጨስ እንደሚፈልግ በአደባባይ ተናገሩ። አንድ ሴናተር ሲቆጧቸው ቀልድ ነው አሉ። በ2021 ግን ሦስቱ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ወረደ። አመልካቹ 18 ዓመት ሳይሞላው ያጨሰው ማሪዋናም ለብቻው እንደማያስወድቅ ተጻፈ። ለሌሎች ሕገወጥ ዕፆች ያስቀመጡት ጊዜ አሥር ዓመት ነበር። መሸጥ ደግሞ በዓመት የሚሰላ አይደለም። የሸጠ፣ ሸጧል።

ይህን ለውጥ ልብ በሉት። መጀመሪያ «ስንት ጊዜ» ብለው ጠየቁ፣ ቀጥሎ «መቼ» አሉ። በኛ ቃል፣ ደባሉ ስንት ሌሊት አደረ ከማለት ወደ ደባሉ መቼ ለቀቀ ተሻገሩ። እኔ ሁለተኛው የተሻለ ጥያቄ ይመስለኛል። ሰው ይለወጣል፤ ቁጥር አይለወጥም።

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይቺን በደንብ አንብቧት። ዲሲ ከ2015፣ ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው የተወሰነ መጠን ማሪዋና መያዝን ፈቅደዋል። «ሕጋዊ ሆነ እኮ» ብሎ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያጨስ ሐበሻ ሞልቷል። የፌደራል መንግሥቱ ግን አሁንም ዕፁን በቁጥጥር ሥር ነው የያዘው። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ትእዛዝ የፌደራል ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭም ሕገወጥ ዕፅ እንዳይጠቀም ያዛል። በዚያ ላይ ሕገወጥ ዕፅ የሚጠቀም ሰው ጦር መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክል የፌደራል ሕግ አለ። መሣሪያ መያዝ የማይችል ሰው እንዴት ፖሊስ ይሆናል?

ከዚህም የከፋው ገና ዜግነት ያላገኘው ሰው ነገር ነው። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች ዜጋ ላልሆነ ሕጋዊ ነዋሪም የፖሊስን በር ከፍተዋል። ግሪን ካርድ ይዞ የሚያመለክት ልጅ ታማኝ ልሁን ብሎ ቅጹ ላይ «አጭሻለሁ» ይላል። ለፖሊስ ቅጥሩ ይህ መልካም ሊሆን ይችላል። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ከዕፅ ጋር የተያያዘ ወንጀል መፈጸሙን ያመነ ሰው ሳይፈረድበትም ችግር ሊገጥመው ይችላል። በሚያዝያ 2019 የወጣው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መመሪያ ደግሞ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ማሪዋናም ቢሆን የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። አንድ እጅህ ለቅጥር የጻፈውን ሌላ ቢሮ ያነበዋል ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ዜጋ ነው፣ ተረፈ። እናንተ ካልሆናችሁ ቅጹን ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ።

አሁን ወደ ምርመራው። የሽንት ምርመራ ሱስን አያውቅም፣ ቅሪትን እንጂ። ማሪዋና በስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። አልፎ አልፎ ያጨሰ ሰው ሽንት ውስጥ ለሦስት ቀን ያህል ይቆያል። በየቀኑ የሚያጨሰው ላይ ወር ሊያልፍ ይችላል። ኮኬይን ከሁለት እስከ አራት ቀን። ፀጉር ግን ሆዱ ሰፊ ነው። በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከሥሩ አራት ሴንቲሜትር የማይሞላ ፀጉር የሦስት ወር ታሪክ ይይዛል። መላጨት መፍትሔ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ነበር። የሰውነት ጠጉር ሊወስዱ እንደሚችሉ አልሰማም።

ትራማዶልን የማነሳው ሰፈር ውስጥ ስለማየው ነው። ብዙ ልጅ ሕመም ማስታገሻ ነው፣ ዕፅ አይደለም ብሎ ያስባል። ሐኪም ሲያዘው መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም በኪስ ሲዞር ሌላ ነገር ነው። ለሞርፊን የተዘጋጀው የተለመደ የሽንት ምርመራ ትራማዶልን አያይም፤ ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል። እና ሐኪም ያዘዘልህ ነገር ካለ ማዘዣውን ወርውረህ አትጣል። በኋላ ልትፈልገው ትችላለህ።

አሜሪካኖቹ ከዚህ በላይ ፖሊግራፍ ይጨምራሉ። ውሸት ማጣሪያ የምንለውን። የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የእጅ ላብ ይለካል። የሚገርመው በ1988 የወጣ ሕግ አብዛኛው የግል ቀጣሪ ሠራተኛውን በዚህ መሣሪያ እንዳይመረምር ከልክሏል፤ መንግሥት ግን ራሱን ከክልከላው አወጣ። በ2003 የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት መሣሪያው ለሠራተኛ ማጣሪያ የሚበቃ ትክክለኛነት የለውም ብሎ ጽፏል። እነሱ ግን አልተዉትም። ምናልባት የመሣሪያው ጥቅም ሽቦው ላይ ሳይሆን ፍርሃቱ ላይ ነው። ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሳይጠየቅ ይዘከዝካል።

ለአክስቴ ልጅ እንዲህ አልኩት። ለንስሐ አባትህ የምትነግረውና ለመርማሪ የምትነግረው አንድ አይደለም። ንስሐ አባትህ ሰምቶ ቀኖና ሰጥቶ ይሸኝሃል። መርማሪው ይጽፋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ለእድገት ስታመለክት ያንኑ ጥያቄ ይደግምና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። «ሁለቴ» ብለህ «አምስቴ» ካልክ የሚያስወድቅህ ሦስቱ ልዩነት እንጂ ማጨስህ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩን ካላስታወስክ «በግምት» ብለህ ጻፍ። ከሦስት እስከ አምስት ማለት ውሸት አይደለም። ያላስታወሱትን እርግጠኛ መስሎ መጻፍ ነው አደጋው።

ፎቶኮፒ ቤቱ ውስጥ ላለው ልጅም ከዚህ የተለየ አልነገርኩትም። ጫቱን ከጠየቁህ መቼ እንደተውክ ተናገር። አሁን ሱስ አለብህ ወይ ካሉህ የለብኝም በል፤ እውነት ነውና። ሐሺሹን በቀጥታ ከጠየቁህ አትዋሽ፣ ግን መጀመሪያ ጠበቃ።

«ጋሼ፣ ሐሺሹን ማን ያውቅብኛል ግን?»

«ካንተ ጋር ያጨሱት ስንት ናቸው?»

በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አራት ላይ ሲደርስ ቆመ። አንደኛው ባለፈው ዓመት ፖሊስ ሆኗል አለኝ። የዚያ ልጅ ማመልከቻ ላይ ምን ተጽፎ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ ባለቤቷ ተቀብላው ማሽኑ ላይ ዘረጋችው። «ሁለት ላርገው?» አለች። አንዱ ለእነሱ ነው፣ ሌላው ለራሱ። ዛሬ የጻፈውን ቃል ነገ እንዳይረሳው።

«ሁለት አድርጊው» አልኳት።